የከረሜላ ጠርሙስ ያቀፈ ቀናተኛ

ከመካከላችሁ ቀናተኛ የሆነ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። አየሁ፤ ማንም አላወጣም። እኔም ያኔ ብጠየቅ አላወጣም ነበር። «ትዳሬን የምጠብቅ ሰው ነኝ እንጂ ቀናተኛስ አይደለሁም» ነበር የምለው። ይህንንም የምለው ባንድ ዓይኔ በሩን እያየሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ሐረር ውስጥ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጀጎልን የሚያውቅ ሰው መኪና ግርግርን ያውቃል፤ የስፌት መኪኖች በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረው ከጧት እስከ ማታ የሚንጫጩበት ሰፈር ነው። እዚያ ሰላምታ እንኳ በጩኸት ነው። ጉሮሮው ደካማ የሆነ ሰው መኪና ግርግር ሱሪ ባያሰፋ ይመረጣል፤ «አጥብብልኝ» ያለው «አስፋልኝ» ተብሎ ይሰማበትና ድንኳን ለብሶ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሚስቴ ብዙነሽ ትባላለች። ሳገባት ትምህርቷን አቋርጣ ነበርና «ልጨርስ፣ ልጨርስ» እያለች ስትነዘንዘኝ፣ የማታ ትምህርት ቤት ግቢ አልኳት። በኔ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ሒሳብ፣ ምናልባትም ጥልፍ ተምራ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፊዚክስ ይዛብኝ መጣች።

ፊዚክሱ ብቻውን ቢመጣ ባልከፋኝ። ከፊዚክሱ ጋር አቶ ፍሥሐ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት አስተማሪ አብሮ መጣ። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው «ቲቸር እንዲህ አሉ፣ ቲቸር እንዲያ አሉ» ብቻ ሆነ። ወጡ ጨው በዝቶበታል ስላት፣ ጨው ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚሟሟ ቲቸር ያሉትን ትነግረኛለች። ጨዉ ግን እንደበዛ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ብዙነሽ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትምህርቷን በቃሏ ትወጣለች። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ጫማዬን ለማውለቅ ነው የቆምኩት፤ ለመስማት አይደለም።

«ሁለቱ ሲነካኩ ብልጭታ ይታያል» ትላለች ብዙነሽ። «ከዚያም አንደኛው ያለውን ለሌላው ያካፍላል።»

አንድ እግሬን በጫማ፣ አንዱን ያለ ጫማ አድርጌ ገባሁ።

«ማንና ማን ናቸው የሚነካኩት?»

«ኮንደንሰሮች» አለች ሳትደነግጥ።

«የማን ወገኖች ናቸው?»

ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ አስረዳችኝ። ኮንደንሰር ማለት ኤሌክትሪክ የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። እነሱ በትምህርት ቤት የሚሠሩት ከጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሱን ከውስጥም ከውጭም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ይለብጡታል፤ በክዳኑ ውስጥ የብረት ዘንግ ያሳልፉበታል፤ ቲቸር በእጅ የሚዞር መኪና አላቸው፣ በሱ ኤሌክትሪክ ይሞሉታል።

«ከዚያ የሞላውን ከባዶው ጋር ስናገናኘው» አለች፣ ዓይኗ እያበራ፣ «ኤሌክትሪኩ ከሙሉው ወደ ባዶው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ይቆማል።»

ያ ዓይኗ ነው ያቃጠለኝ። እኔ የጃንሆይን አጃቢ ካፖርት ብሰፋ እንኳ እንደዚያ አብርቶ አያውቅም።

«እኩል ከሆኑ በቃ፤ ገባኝ» አልኳት።

«በቃ አይደለም እኮ፤ እኩል የሚሆነው ግፊቱ ነው እንጂ …»

«በቃ አልኩ! ራት አቅርቢ።»

ያቺን «እንጂ» ባስጨርሳት ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

በማግስቱ ምስጢሬን ለጎረቤቴ ልነግር አሰብኩ። አው ዩሱፍ ይባላሉ፤ ከጎኔ የሚሰፉ ሐረሪ አዛውንት ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያማክራቸው። ግን ምስጢር መኪና ግርግር ውስጥ የሚነገረው እንዴት ነው? በጩኸት ነዋ! እጄን ባፌ ዙሪያ አድርጌ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ፦

«አው ዩሱፍ! ሚስቴን ጠረጠርኳት!»

ልክ በዚያች ቅጽበት የዙህር፣ የቀትር ሶላት አዛን ተሰማ። አዛን ሲሰማ የመንገዱ መኪኖች በሙሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ እንደሚሉ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቃለሁ፤ ቅናት ግን ሰዓት ያስረሳል። ድምፄ በጸጥታው መካከል ብቻውን ከላይ እስከ ታች ሄደ። ክር የሚያስገባው መርፌውን እንደያዘ ቀረ። የአንዲት ደንበኛ እጅ ጨርቅ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ አው ዩሱፍ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «ማንን ነው የጠረጠርከው፣ ልጄ?»

ከዚህ ወዲያ ማንሾካሾክ ምን ይረባል? «አስተማሪዋን» አልኳቸው።

«ምን አደረጋት?»

«ብልጭታ ያሳያታል።»

አው ዩሱፍ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። «ወላሂ፣ እኔ ጢሜ እስኪሸብት በትዳር ኖሬያለሁ፤ ብልጭታ ያየሁት ፋኖስ የወደቀብን ቀን ብቻ ነው። አንተ ምን ያስቸኩልሃል? ሰውየውን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እየው፤ ምናልባት አስቀያሚ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ» ብለው ወደ ሶላታቸው ሄዱ።

አስቀያሚ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ራሱ በእግሩ መጣልኝ። ቀጥ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ የሸሚዙ ኪስ ጠመኔ የነካው ወጣት መኪናዬ ፊት ቆሞ እጅ ነሣ።

«ጋሼ፣ የወይዘሮ ብዙነሽ ባለቤት እርስዎ ነዎት? ስለ እርስዎ በጣም ሲያወሩልን ሰምቼ ነው የመጣሁት። እንደሳቸው ባለቤት የሚሰፋ የለም ብለውኛል።»

«ብላለች?» አልኩ። ለአፍታ ልቤ ሊቀልጥ ነበር፤ ግን «መቼ አለችህ? የት ሆናችሁ?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ መጣና እንደገና አጠነከረው።

ሙሉ ልብስ ነው የፈለገው። ትምህርት ቤቱ ለወላጆችና ለከተማው ሰው ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ነው፤ እሱም በሰው ፊት ቆሞ ይናገራል። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። ትከሻው ከኔ ሰፋ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ለካሁት፤ ጭራሽ ጨመረ። ወገቡን ለካሁ፤ ከኔ ቀጠነ። አንድ ሰው በላይም በታችም ይበልጥሃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ በገዛ ሜትራችሁ ካልለካችሁት አይገባችሁም።

«ወይዘሮ ብዙነሽ እኮ ልዩ ናቸው» ይላል እሱ፣ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ። «እኔ ነገሩን ገና ስጀምረው እሳቸው ጨርሰውታል። ሐሳቤን ቀድመው ያውቁታል።»

«ሐሳብህን?» አልኩና መርፌ ቁልፉን ከጨርቁ አሳልፌ ሰካሁት።

«ወይኔ!»

«ይቅርታ። ጠባብ ቦታ ነው።»

ያን ልብስ አበላሽቼ ልሰፋው ቆርጬ ነበር። አንዱን እጅጌ አሳጥሬ፣ ጀርባውን አጉብጬ፣ በሰው ፊት ግመል አስመስዬ ላቆመው። ግን ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ይፍረደኝ፤ መቀሱ እጄ ሲገባ ጨርቁን ማበላሸት አቃተኝ። እጄ ለኔ አልታዘዝ አለ። ኮሌታውን ጠጋ አደረገው፤ ትከሻውን አሳመረው፤ ገበሩን እንደ ሐር አስተኛው። በሕይወቴ ከሰፋኋቸው ልብሶች ሁሉ ያማረውን ለባላጋራዬ ሰፋሁለት። አው ዩሱፍ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ማሻአላህ! ይህን የለበሰ ሰው የፈለጋትን ያገባል» አሉኝ። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ኤግዚቢሽኑ ሊደርስ ሲል ብዙነሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም «ልምምድ አለን» ትል ጀመር። አንድ ቅዳሜ ሱቄን ዘጋሁና ተከተልኳት። ትምህርት ቤቱ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው፤ በላቦራቶሪው በስተኋላ በኩል ቁልቋል የበዛበት አጥር አለ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደራርቤ ወጣሁና በመስኮቱ ጥግ አጮለቅሁ።

ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን ከበዋል። ብዙነሽ እጇን ወደ አንድ ጠርሙስ ትዘረጋለች። አቶ ፍሥሐ ዘሎ እጇን አፈፍ አድርጎ ያዛት።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የድንጋዩን ክምር ግን አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የከዳኝ እሱ ነው። ወደ ኋላዬ ሄድኩ፤ ቁልቋሉም በሙሉ ክብር ተቀበለኝ።

አው ዩሱፍ እሾኩን በወረንጦ ሲነቅሉልኝ ዋሉ። የት የት እንደገባ አልዘረዝርም። «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ይነቅላሉ፤ እኔ እጮሃለሁ፤ መኪኖቹም ይጮሃሉ፤ ማንም አልሰማኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈሩን ጫጫታ አመሰገንኩ።

ማታ ቆሜ ራቴን ስበላ ብዙነሽ «ምን ሆነህ ነው የማትቀመጠው?» አለችኝ።

«ለጤና ይሻላል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«እኔ ዛሬ ጉድ ልሆን ነበር» አለች እሷ፣ ጨዋታ አመጣሁ ብላ። «የሞላ ጠርሙስ በባዶ እጄ ልነካ ስል ቲቸር ቀጨም አድርገው ባይዙኝ ኖሮ ይነዝረኝ ነበር።»

እንግዲህ ጤነኛ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ያርፋል። ሚስቱ ሳትጠየቅ ነገረችው፤ ምክንያቱንም ነገረችው። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሃ! እጅሽን ይዞሻል!»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። እኔ ከጀመርኩ ወዲያ ደግሞ ማቆም አልሆነልኝም።

«ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ትምህርት የሚባል ነገር የለም። አበቃ።»

ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁለቱንም ሳታደርግ ሳህኑን አነሣች። ከዚያች ማታ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ «ቲቸር እንዲህ አሉ» የሚል ጠፋ። የፈለግሁት ይህን ነበር። ሳገኘው ግን ቤቱ ሰው የሌለበት መሰለኝ። ወጡ ጨው ቢበዛበትም ምክንያቱን የሚነግረኝ የለም።

የኤግዚቢሽኑ ቀን አው ዩሱፍን አስከትዬ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት ዲሬክተሩና አንድ ጡረታ የወጡ ወፍራም ፊታውራሪ ተቀምጠዋል። አቶ ፍሥሐ የኔን ልብስ ለብሶ ብቅ ሲል አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ውይ፣ ሲያምርበት!» አለች። ዞሬ «ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ!» አልኳት። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። በገዛ ሥራዬ ቀንቼ አላውቅም ነበር፤ እሱም ደረሰብኝ።

ብዙነሽ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ሁለት ኮንደንሰሮች አሉ፤ አንዷ የሳል ሽሮፕ የነበረባት ትንሽ ጠርሙስ፣ ሌላው ከዓረብ ሱቅ የመጣ፣ ሰፊ የከረሜላ ጠርሙስ። አቶ ፍሥሐ መኪናውን እያዞረ ትንሿን ሞላ፤ ብዙነሽ ትንሿን ከትልቁ ጋር አነካካች። ቷ! ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። ሰዉ «ወይ ጉድ!» አለ። እንደገና ትንሿን ሞሉ፣ እንደገና አነካኩ። ብልጭታው አነስ አለ። እንደገና፤ አሁንም አነስ አለ። እየደጋገሙ ቆይተው በመጨረሻ ሲነካኩ ብልጭታው ዓይን የማይሞላ፣ የክብሪት ጭረት የማያህል ሆነ።

እኔም በልቤ ሒሳቤን ሠራሁ። ብልጭታው እያለቀ ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ እያለቀ ነው። ደግሞ ሚስቴ ራሷ ነግራኛለች፤ ሲገናኙ እኩል ይሆናሉ። እንግዲህ ምን ያስፈራል?

«አሁን ሁለቱ እኩል ናቸው» አለ አቶ ፍሥሐ። «እኔ ትንሿን በእጄ ነክቼ አሳያችኋለሁ። ትልቁን ግን በሽቦ ነው የምናራግፈው።»

ተነሣሁ። ማን እንዳስነሣኝ እግዜር ይወቀው።

«ለምን በሽቦ? እኔ እይዘዋለሁ!»

«ጋሼ፣ እባክዎ ተዉት» አለ አቶ ፍሥሐ። «ከፈለጉ ትንሿን እሰጥዎታለሁ።»

ትንሿን! በሚስቴ ፊት፣ በከተማው ፊት፣ ለኔ ትንሿን! ትከሻው መብለጡ፣ ወገቡ መቅጠኑ አንሶ!

«ትንሿን አንተው ያዝ» አልኩት። መድረኩ ላይ ወጥቼ የከረሜላውን ጠርሙስ እንደ ጥምቀት ሕፃን በግራ ክንዴ አቀፍኩት።

«ተው! ዘንጉን አትንካው!» አለች ብዙነሽ። ከስንት ቀን በኋላ ያነጋገረችኝ ያኔ ነው። «እኩል የሚሆነው ግፊቱ ነው እንጂ …»

አሁንም አላስጨረስኳትም። አቶ ፍሥሐ ሊይዘኝ እጁን ሲሰነዝር፣ በያዛት ትንሽ ጠርሙስ ላይ ያለውን ዘንግ ሳያስበው ነካ። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «እስ!» አለ፤ ያ ብቻ ነው። እሱ «እስ» ብቻ ካለ እኔ ምን እላለሁ ብዬ በቀኝ ጣቴ የኔን ነካሁ።

በቅሎ ረግጦኝ ያውቃል። ያ እንደ መዳበስ ነው። ከጣቴ እስከ ክርኔ፣ ከክርኔ እስከ ደረቴ፣ ከደረቴ ዞሮ በሌላው ክንዴ አንድ ነገር ገርፎኝ አለፈ። ጠርሙሱን ብዙነሽ ባትቀልበው ይሰበር ነበር፤ እኔን ግን የሚቀልብ አልነበረም። ከመድረኩ ወደ ኋላ ሄጄ ፊታውራሪው ጭን ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» አሉ ፊታውራሪው።

መነሣት አልቻልኩም። እግሬ የኔ አልነበረም። አው ዩሱፍ ከኋላ «ላ ኢላሀ ኢለላህ! ሞተ ወይስ አለ?» ይላሉ። አቶ ፍሥሐ ደንግጦ ወርዶ ደረቴን አዳመጠና «ደኅና ናቸው» አለ። ከዚያ ሰዉ ሳቀ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ዲሬክተሩ ብድግ አሉ።

«እኩል ናቸው አላላችሁም? ታዲያ አስተማሪው ቆሞ እኚህ ሰው ለምን በረሩ?»

አቶ ፍሥሐ ወደ ብዙነሽ ዞሮ «ይንገሩልን» አላት።

ብዙነሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንድ ጣሳና አንድ ገንቦ ጎን ለጎን አድርገን ከታች በቱቦ እናገናኛቸው። ውሃ ብንጨምር ካንዱ ወደ ሌላው እየሄደ በሁለቱም እኩል ቁመት ላይ ይቆማል። ቁመቱ እኩል ነው፤ ውሃው ግን እኩል አይደለም። ገንቦው ሰፊ ስለሆነ ብዙውን የያዘ እሱ ነው። ጠርሙሶቹም እንደዚያ ናቸው። ሲነካኩ ግፊታቸው እኩል ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩን ግን የሚካፈሉት እንደ ስፋታቸው ነው። ብልጭታው ያነሰው ኤሌክትሪኩ አልቆ ሳይሆን ትልቁ ጠርሙስ ሞልቶ ከትንሿ ጋር ስለተስተካከለ ነው። ባለቤቴ ያቀፈው ያንን ሁሉ ነው።»

እኔ አሁንም ፊታውራሪው ጭን ላይ ነኝ። ንግግሯን እስከ መጨረሻው የሰማሁት የዚያን ቀን ነው፤ መሸሽ ስላልቻልኩ። እንዴት ያማረ ነገር ነበር! ፊታውራሪው እንኳ እኔን ማውረድ ረስተው «ጣሳና ገንቦ፤ እውነቷን ነው» አሉ። ቀና ብዬ አዳራሹን አየሁ። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ ሁሉም ሚስቴን ያያል። በሁሉም ቀናሁ። ከፊት የተቀመጠው በደንብ ስላያት ቀናሁበት፤ ከኋላ ያለው ስለቆመላት ቀናሁበት። አቶ ፍሥሐ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ብቻ ሆነና በዓይኔ አነሰ። ሲያጨበጭቡላት እኔም ላጨበጭብ ፈለግሁ፤ ቀኝ እጄ ግን እንቢ አለኝ። በግራ እጄ የፊታውራሪውን ጉልበት መታሁ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ብዙነሽ ትንሽ ራቅ ብላ ነበር የምትሄደው። ጠጋ አልኳት።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«የት?»

«ትምህርት ቤት ነዋ።»

ቆመች። «አበቃ ብለህ የለም?»

«የተነዘረ ሰው የተናገረውን ማን ይይዛል?»

«ስትናገር ገና አልተነዘርክም ነበር።»

«ልነዘር ስል ነበር» አልኳት።

ሳቀች። እኔ በጆሮዬ የምናፍቀው ያ ሳቅ ነበር። ከዚያ የደነዘዘውን ቀኝ እጄን አንሥታ በሁለት እጇ ትደልከው ጀመር። በዚያን ዘመን ሐረር ውስጥ ባልና ሚስት በጠራራ ፀሐይ እጅ ለእጅ ተያይዘው አይሄዱም፤ ሰው ምን ይላል? እሷ ግን ሰው ምን ይላል የሚለውን አዳራሹ ውስጥ ጥላው የወጣች ይመስል ነበር። እጄን ይዛኝ ከተማውን አቋርጠን ወደ ኤረር በር ወረድን፤ ቤታችን በዚያ በኩል ነው። እጄ እንኳ ከመንገዱ እኩሌታ ጀምሮ ድኖ ነበር፤ አልነገርኳትም።

በግንቡ በር ጥላ ሥር አንድ ጎልማሳ ጫቱን በጉልበቱ መካከል አድርጎ ተቀምጧል። ብዙነሽን አየ። እጄን አየ። ከዚያ እኔን፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ከንፈሩን ነከሰ። ያን አስተያየት ከሐረር ሰው ሁሉ አብልጬ አውቀዋለሁ።

ሰውየው ቀና። እኔም ቀና ብዬ አለፍኩ።